የዩንግ ግንብ እና የክፍላችሁ ቴሌግራም ግሩፕ

«ዲፕ ዎርክ» (በአማርኛ «ጥልቅ ሥራ» እንበለው) የታተመው በ2016 ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ደራሲው ካል ኒውፖርት በአሜሪካው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ያስተምራል። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ጓደኛ ላይኖራችሁ ይችላል። ማጠቃለያውን ዩቲዩብ ላይ ያየ፣ ወይም «በቃ፣ ሶሻል ሚዲያ ትቻለሁ» ብሎ ለሁለት ቀን ተሰውሮ የተመለሰ ጓደኛ ግን አታጡም። እኔ የማወራው ስለ መጽሐፉ ነው፤ ማጠቃለያዎቹ የሚዘሏቸው ቦታዎች ናቸውና ነገሩን የሚያወሳስቡት።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። መጽሐፉ በሽታውን በደንብ መርምሯል። መድኃኒቱን ያዘዘው ግን ለሌላ በሽተኛ ነው። ከማዘዣው ለእናንተ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደግሞ የተጠቀሱትን ጥናቶች ራሳቸውን ገለጥ አድርጎ ማየት ይጠይቃል።

ክርክሩ አጭር ነው። ሥራ ሁለት ዓይነት ነው ይላል ኒውፖርት። አንደኛው አእምሮን እስከ ጥጉ የሚያሠራ፣ ሳይቋረጡ ካልተቀመጡበት የማይገፋ ሥራ ነው፦ የካልኩለስ ጥያቄ መፍታት፣ ኮድ መጻፍ፣ ከባድ ምዕራፍ አንብቦ መረዳት። ጥልቁ ይሄ ነው። ሁለተኛው ወሬ እያወራችሁም የምትሠሩት ነው፦ ለመልእክት መመለስ፣ ፎርም መሙላት፣ ፋይል መላክ። ኢሜይልና ሶሻል ሚዲያ ሁለተኛውን እያበዙ የመጀመሪያውን ቦታ ወሰዱበት። ስለዚህ ጥልቁን ሥራ የሚችል ሰው ብርቅ ይሆናል፣ ብርቅ ሲሆን ደግሞ ዋጋው ይወደዳል።

ለዚህ ክርክር ትልቁ ሳይንሳዊ ምሰሶ የሶፊ ሌሮይ የ2009 ጥናት ነው፤ እውነትም ጥሩ ጥናት ነው፣ ትንሽ እንቆይበት። ሌሮይ ለተሳታፊዎቿ የቃላት እንቆቅልሽ ሰጠቻቸው። ከፊሎቹን መሃል ላይ አቋርጣ፣ ከፊሎቹን ሲጨርሱ፣ ወደ ሌላ ሥራ ወሰደቻቸው፤ የሥራ አመልካቾችን ሲቪ አንብቦ ማንን እንቅጠር ብሎ መወሰን። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ግን አንድ አጭር ጨዋታ አስገባች። ስክሪኑ ላይ የፊደላት ቅንብር ይመጣል፤ እውነተኛ ቃል ነው ወይስ አይደለም ብሎ በፍጥነት መመለስ ብቻ ነው። ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው። ሐሳባችሁ ገና እንቆቅልሹ ላይ ከሆነ፣ ከእንቆቅልሹ ጋር የሚገናኙ ቃላትን ከሌሎቹ ቀድማችሁ ትለያላችሁ። እናንተ «ትቼዋለሁ» ብትሉም የምላሻችሁ ፍጥነት ያጋልጣችኋል። ሌሮይ ይሄንን በቀድሞው ሥራ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ሐሳብ «የትኩረት ቅሪት» በሚል ስም ጠራችው። ቅሪቱ የበዛበት ሰው ቀጣዩን ሥራ የሚሠራው ደከም ባለ ሁኔታ ነው።

ኒውፖርት ከዚህ ተነስቶ «በየአሥር ደቂቃው ኢሜይል ቃኘት ማድረግም ቅሪት ይተዋል» ይላል። ሐሳቡ ያስኬዳል። ሌሮይ የለካችው ግን ከአንድ ሙሉ ሥራ ወደ ሌላ ሙሉ ሥራ መዛወርን ነው፤ የሦስት ሰከንድ ቃኘትን አልለካችም። ለዚያ የሚቀርበው ማስረጃ በ2015 በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሌላ ጥናት ነው። እዚያ ተማሪዎች ትኩረት የሚፈልግ ፈተና እየሠሩ ስልካቸው ላይ ኖቲፊኬሽን ተላከላቸው። ስልኩን ሳይነኩት እንኳ ስሕተታቸው በዛ። የሚጎዳው መልስ መጻፉ ብቻ ሳይሆን «ማን ይሆን?» የሚለው ጥያቄም ጭምር ነው ማለት ነው።

በማጠቃለያዎቹ የማይነገር አንድ ነገርም ልጨምር። በሌሮይ ሙከራ ሥራን መጨረስ ብቻውን ቅሪቱን አላጠፋውም። ጊዜ ተወስኖላቸው፣ በጥድፊያ የጨረሱት ናቸው በደንብ የተላቀቁት። በ2018 ደግሞ ሌሮይ ከቴሬዛ ግሎምብ ጋር ሆና ሌላ ነገር አሳየች። የሚቋረጠው ሰው ከመነሳቱ በፊት «እዚህ ደርሻለሁ፣ ስመለስ የምጀምረው ከዚህ ነው» የሚል አጭር ማስታወሻ ከጻፈ፣ በአቋረጠው ሥራ ላይ የበለጠ ያተኩራል። መጽሐፉ ቀድሞ ስለወጣ ይሄንን ባለማካተቱ አይወቀስም። ለእናንተ ግን ከመጽሐፉ አብዛኛው ምክር ይልቅ ይሄ ይቀርባችኋል፤ ግንብ አይጠይቅም፣ እስክሪብቶና አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

መጽሐፉ የሳይንስ ካባ ሳያስፈልገው የሚደርብባቸው ቦታዎችም አሉ። አንዱ ቀመሩ ነው፦ ጥራት ያለው ሥራ እኩል ይሆናል ጊዜ ሲባዛ በትኩረት ጥንካሬ። ፊዚክስ የተማረ ሰው ወዲያው «አሃዱስ?» ብሎ ይጠይቃል። ጊዜን በሰዓት እንለካዋለን፤ የትኩረት ጥንካሬ በምን ይለካል? ማባዣ ምልክት ስላስገባን ብቻ ሐሳብ ሕግ አይሆንም። ሌላው ማየሊን ነው፤ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነው ስባማ ሽፋን። አንድ ነገር ላይ አተኩራችሁ ስትለማመዱ የሚመለከተው የነርቭ መስመር ማየሊኑ ይጎለብታል፣ ተበታትናችሁ ስትለማመዱ ግን አይሆንም ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ መሠረት አለው፤ በ2014 የታተመ የአይጦች ጥናት አዲስ ማየሊን እንዳይሠራ ሲታገድ አዲስ የእንቅስቃሴ ክህሎት መማር እንደሚያስቸግር አሳይቷል። ሁለተኛው ግማሽ፣ ማለትም «ፌስቡክ እያዩ ማጥናት ማየሊንን ይከለክላል» የሚለው፣ የሚመስል ግምት ነው እንጂ በሰው ላይ ተለክቶ የተገኘ ውጤት አይደለም።

ከመጽሐፉ ጎን ለጎን የምትሰሙት ዝነኛ ቁጥርም አለ፦ «አንዴ ከተቋረጣችሁ ወደ ትኩረታችሁ ለመመለስ 23 ደቂቃ ይፈጃል»። ቁጥሩ የሚያያዘው ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ተመራማሪዋ ግሎሪያ ማርክ ጋር ነው። እሷና ባልደረቦቿ በ2005 ባሳተሙት የቢሮ ጥናት ውስጥ ያለው አኃዝ 25 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነው፤ የሚለካውም ሌላ ነገር ነው። የተቋረጠ ሰው ወደዚያው ሥራ እስኪመለስ ያለፈው ጊዜ ነው፤ በመካከሉ ሰዎቹ በአማካይ ከሁለት በላይ ሌሎች ሥራዎችን ሠርተዋል። አእምሮ «እስኪሞቅ» የሚፈጀው ጊዜ አይደለም። ልዩነቱን እስቲ በምሳሌ እንየው። ሽንኩርት እየከተፋችሁ እናታችሁ ወደ ሱቅ ላኩአችሁ፤ ሱቁ ተዘግቶ ወደ ሌላ ሱቅ ሄዳችሁ፤ ከ25 ደቂቃ በኋላ ተመለሳችሁ። ከዚህ ተነስቶ «ሰው ሽንኩርት መክተፍን ለማስታወስ 25 ደቂቃ ይፈጅበታል» የሚል አለ?

እዚያው ማርክ በ2008 ያሳተመችው ሙከራ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ያስደነግጣል። በርሊን ውስጥ 48 ተማሪዎች የቢሮ ኢሜይል እንዲመልሱ ተደረገ፤ ከፊሉ እየተቋረጡ። የተቋረጡት ሥራውን የጨረሱት ዘግይተው ሳይሆን ፈጥነው ነው። ጥራቱም አልቀነሰም። የከፈሉት በሌላ በኩል ነው፤ ጭንቀታቸው፣ ብስጭታቸውና የጥድፊያ ስሜታቸው ጨመረ። ሥራው ቀላል ስለነበር ውጤቱን ወደ ካልኩለስ ማዛወር አይቻልም። ግን አንድ ነገር ይነግረናል። መቋረጥ ሁልጊዜ ውጤት ላይ አይታይም፤ ሰውየው ላይ ግን ይታያል። ማታ ላይ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ብላችሁ ዝርዝሩ ሙሉ ሆኖ ድካማችሁ ከሥራው የበዛባችሁ ቀን ካለ፣ ይሄ ጥናት ስለ እናንተ ነው።

እስካሁን ያልኩት ጥቃቅን እርማት ነው። ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ በመጽሐፉ አርአያዎች ላይ።

መጽሐፉ የሚከፈተው በካርል ዩንግ ነው። ታዋቂው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1922 በዙሪክ ሐይቅ ዳር፣ ቦሊንገን በምትባል መንደር የድንጋይ ቤት መሥራት ጀመረ፤ ቤቱ በኋላ ግንብ ሆነ። እዚያ ሄዶ ቁልፉ በእሱ እጅ ብቻ በሆነ ክፍል ውስጥ ይጽፋል። ደስ የሚል ሥዕል ነው። ከሥዕሉ ውጪ ግን ክዩስናኽት የሚባል ሌላ ቤት አለ፤ አምስት ልጆች ያሉበት፣ ሚስቱ ኤማ የምትመራው። ኤማ ከስዊዘርላንድ ባለጠጋ ቤተሰቦች አንዱ የወለዳት ናት። ዩንግ ጸጥታ ውስጥ ሲቀመጥ ጫጫታው አልጠፋም፤ ወደ ሌላ ሰው ተዛወረ እንጂ።

ሌላው አርአያ ዶናልድ ክኑት ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ «የፕሮግራሚንግ ጥበብ» በሚለው ተከታታይ ሥራው ታውቁታላችሁ። ክኑት ለ15 ዓመት ኢሜይል ከተጠቀመ በኋላ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ጀምሮ አድራሻ የለውም፤ ሕይወቱም በዚያ እንደተሻሻለ በድረ ገጹ ላይ ይናገራል። እዚያው ገጽ ላይ ግን ጸሐፊ እንዳለችው፣ የሚመጣለትን ደብዳቤ እሷ እንደምታጣራለት፣ እሱም የተጠራቀመውን በየስንት ወሩ አንዴ ቁጭ ብሎ በጅምላ እንደሚመልስ ይነግረናል። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ደግሞ የመጨረሻውን የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ለመጨረስ ኤዲንብራ ውስጥ በጣም ውድ የሆነ ሆቴል ገባች።

አስተዋላችሁ? እነዚህ ሰዎች ግንኙነት አላቋረጡም። ግንኙነታቸውን የሚሸከም ሰው ነበራቸው፤ ሚስት፣ ጸሐፊ፣ የሆቴል ሠራተኛ። መጽሐፉ ጀግናውን ያሳየናል፤ በሩ ላይ ቆሞ «ለጊዜው የሉም» የሚለውን ሰው ግን ከፎቶው ቆርጦ ያወጣዋል። እናም ትኩረት የግል ቆራጥነት ጉዳይ ይመስለናል፤ ያልቻለ ሰው ደግሞ ራሱን ሰነፍ ይላል።

አሁን «ሶሻል ሚዲያን ተዉ» የሚለውን ሕግ እንየው። ኒውፖርት ለ30 ቀን ሁሉንም አቁሙ ይላል፤ እንደምታቆሙም ለማንም አትናገሩ። ሲያልቅ ስለ እያንዳንዱ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ነገር ቢኖር ወሩ በግልጽ የተሻለ ይሆን ነበር? ሰዎችስ አለመኖሬ ገዷቸዋል? ሁለቱም መልስ «አይ» ከሆነ ለዘለቄታው ተዉት።

ለአዲስ አበባ፣ ለባሕር ዳር ወይም ለጅማ ተማሪ ሁለተኛው ጥያቄ 30 ቀን አይጠብቅም። የፈተና ክፍል የተቀየረው፣ አሳይመንቱ እስከ ዓርብ የተራዘመው፣ የአምናው ሚድ የተለቀቀው ቴሌግራም ላይ ነው። ቤተሰብ ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በሰው ቤት የምትሠራ እህት በኢሞ የምትደውልበት ሰዓት ብዙ ጊዜ በእሷ እጅ አይደለም፤ አሠሪዋ ስልኩን ስትፈቅድላት ነው። ለእሷ ሳይናገሩ 30 ቀን መጥፋት የትኩረት ልምምድ ሊባል አይችልም።

ለኒውፖርት ፍትሐዊ እንሁን። ይሄን ቢሰማ «እኔ እኮ መሣሪያን እንደ ባለሙያ ምረጡ ነው ያልኩት» ይል ነበር። እውነት ነው፤ ጥቅሙ ከጉዳቱ በግልጽ የሚበልጠውን መሣሪያ ያዙ፣ የቀረውን ጣሉ የሚል ምክር መጽሐፉ ውስጥ አለ። ችግሩ መሣሪያዎቹ ተለያይተው አለመምጣታቸው ነው። ቴሌግራም ውስጥ የክፍል ማስታወቂያ፣ የፊልም ቻናል፣ የስፖርት ወሬ፣ የዕቁብ ግሩፕና የአክስት ልጅ ሠርግ ፎቶ አንድ ስክሪን ላይ ተደርድረዋል። መዶሻውን ለማንሳት ስትሉ ሳጥኑ በሙሉ ይከፈታል።

የመተው ዋጋና ጥቅም ደግሞ ከመጽሐፉ በኋላ በትክክል ተለክቷል። ሃንት ኦልኮትና ሦስት ባልደረቦቹ በ2018 የአሜሪካ ምርጫ ዋዜማ ሰዎችን ከፍለው ፌስቡክን ለአራት ሳምንት አዘጉአቸው፤ ውጤቱ በ2020 ታተመ። ተሳታፊዎቹ በቀን ወደ 60 ደቂቃ ተረፋቸው፣ ስሜታቸውም በመጠኑ ተሻሻለ፣ ስለ ወቅታዊ ዜና የሚያውቁት ግን ቀነሰ። ጥቅም አለው፣ ዋጋም አለው፤ ተአምር የለውም።

ታዲያ በ«ሁሉንም ተዉ» እና በ«ሁልጊዜ ክፍት» መካከል ምን አለ? ለእኔ ከሁሉም የሚያስተምረው በ2019 የታተመ ሕንድ ውስጥ የተሠራ ሙከራ ነው። 237 የስማርትፎን ተጠቃሚዎች ለሁለት ሳምንት በዕጣ ተመደቡ። ለአንዳንዶቹ ኖቲፊኬሽን እንደወትሮው ይመጣል፤ ለአንዳንዶቹ በየሰዓቱ ተጠራቅሞ፤ ለአንዳንዶቹ በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ በጥቅል፤ ለቀሩት ጭራሽ አይመጣም። በቀን ሦስቴ የደረሳቸው የተሻለ ትኩረት፣ የተሻለ ስሜትና የበለጠ ውጤታማነት እንደተሰማቸው ተናገሩ። ጭራሽ የተዘጋባቸውስ? ያን ጥቅም እምብዛም አላገኙም፤ ይልቁንም ጭንቀታቸውና «የሆነ ነገር አምልጦኛል» የሚለው ስጋታቸው ጨመረ። ውጤታማነቱ ራሳቸው የተናገሩት እንጂ ሌላ ሰው የለካው እንዳልሆነ ያዙልኝ። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። የሚያረጋጋው ዝምታው ሳይሆን መልእክቱ መቼ እንደሚመጣ ማወቁ ነው። ክኑትም ደብዳቤውን በጅምላ ሲመልስ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው።

እንግዲህ የመጽሐፉ ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ይገለጣል። መልእክት መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው ተቀባዩ ብቻ አይደለም፤ ላኪውም ነው። የሚገርመው ኒውፖርት ይሄንን የሚያሳየውን ጥናት ራሱ ጠቅሶታል። የሃርቫርዷ ሌስሊ ፐርሎው በቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ፣ ሌሊት ተቀን የሚሠሩ አማካሪዎች ባሉበት ድርጅት፣ እያንዳንዱ የቡድን አባል በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ፈጽሞ እንዳይደወልለት አደረገች። ሰዎቹ መጀመሪያ ፈሩ፤ ደንበኛ የሚያጡ መሰላቸው። ሥራው አልወደቀም። በሥራቸው ደስተኛነታቸው ጨመረ፣ በመካከላቸው ያለው መነጋገርም ተሻሻለ። ያ የሆነው አንድ ሰው ጥርሱን ነክሶ ስልኩን ስላጠፋ አልነበረም። ቡድኑ ተስማምቶ፣ የአንዱን ዕረፍት ሌላው እየሸፈነለት ነው። «ዲፕ ዎርክ» ይሄን ጥናት አንድ ቦታ ላይ ያነሳውና ተመልሶ ወደ ግለሰቡ ቆራጥነት ይሄዳል። ኒውፖርት ራሱ በ2021 ባሳተመው «ኢሜይል የሌለበት ዓለም» በሚለው መጽሐፉ ነገሩ የግለሰብ ልማድ ሳይሆን የአሠራር ጉዳይ መሆኑን ዋና ሐሳቡ አድርጎታል። በጊዜ ቅደም ተከተል ሁለተኛ ቢሆንም ቀድማችሁ ብታነቡት የምመርጠው እሱን ነው።

ወደ ክፍላችሁ ግሩፕ እንምጣ። 60 ተማሪ ባለበት ግሩፕ ውስጥ እያንዳንዱ «ትኩረቴን ልጠብቅ» ብሎ ግሩፑን ድምፅ ቢያጠፋው አንዱ የፈተና ለውጥ ያመልጠዋል፤ አንዴ ካመለጠው ደግሞ ተመልሶ በየአምስት ደቂቃው ይከፍታል። ግሩፑ ራሱ ቢስማማስ? ማስታወቂያ ብቻ የሚወጣበትና ተጠሪው ብቻ የሚጽፍበት ቻናል፤ ወሬው በሌላ ግሩፕ። ማስታወቂያው በቀን በታወቀ ሰዓት፣ ለምሳሌ ምሳ ሰዓት ላይና ማታ 1 ሰዓት። እውነተኛ አስቸኳይ ሲሆን ጽሑፍ አይላክም፤ ይደወላል። ቴሌግራም መልእክትን ቀጥሮ መላክንም፣ ያለ ድምፅ መላክንም ከ2019 ጀምሮ ፈቅዷል፤ የመላኪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙት፣ ሁለቱም ይመጡላችኋል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሐሳብ የመጣለት ተጠሪ ያኔውኑ ጽፎ ለጠዋት ሊቀጥረው ይችላል።

ይሠራል ብዬ አልምልም። ከላይ ከጠቀስኳቸው ሙከራዎች አንዳቸውም እዚህ አገር ግቢ ውስጥ፣ ስልኩ ኮምፒውተሩም ላይብረሪውም በሆነ ተማሪ ላይ አልተሠሩም። ልትሞክሩት ግን ትችላላችሁ። አንድ ኮርስ የሚወስዱ ሁለት ሴክሽኖች ይኑሩ። አንደኛው ለአራት ሳምንት በቀጠሮ ሰዓት ብቻ መልእክት ይቀበል፤ ሁለተኛው እንደወትሮው። ከዚያ ይቀያየሩ። ካልተቀያየሩ ውጤቱ የስምምነቱ ይሁን የሴክሽኑ ጉብዝና አታውቁም። የምትቆጥሩት ሦስት ነገር ነው፦ በቀን ስልካችሁን ስንት ጊዜ እንደከፈታችሁ (አንድሮይድ ላይ «ዲጂታል ዌልቢይንግ» የሚለው ቦታ ራሱ ይቆጥርላችኋል)፣ ስንት አሳይመንት እንደዘገየ፣ እና ማስታወቂያ ያመለጠው ሰው ብዛት። ሦስተኛውን አትርሱ፤ መጽሐፉ ያልጠየቀው ጥያቄ እሱ ነው። መሳተፍ ያልፈለገን ሰው አታስገድዱ፤ የምትቆጥሩትንም ከመጀመራችሁ በፊት ጽፋችሁ ግሩፑ ላይ ፒን አድርጉት፣ ውጤቱ ከታየ በኋላ መለኪያውን መቀየር እንዳያምራችሁ።